ቻይና ምግብ ቤት ሲገቡ ለጤና የሚስማማውን ምግብ እንዴት ይመርጣሉ?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ ከሥራ ሲወጣ ቤቱ የተሠራ ወጥ ከሌለ፣ ብዙውን ጊዜ ጎራ የሚለው ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው የቻይና ካሪ አውት (ምግብ ታዝዞ ተይዞ የሚወጣበት ቤት) ነው። ምግቡ ቶሎ ይደርሳል፣ ዋጋው ኪስ አይጎዳም፣ ሩዙ፣ ሥጋውና አትክልቱም ባንድ ዕቃ ይገኛል። በአዲስ አበባም፣ በተለይ በቦሌ አካባቢ፣ የቤተሰብ ግብዣ ወይም የሥራ ምሳ በቻይና ምግብ ቤት መደረጉ እንግዳ ነገር አይደለም። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ሜኑውን ሲቀበል ከሁለት ስህተቶች በአንዱ ሊወድቅ ይችላል፤ አንደኛው «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ፈጽሞ መራቅ ሲሆን፣ ሌላው ስሙ ውስጥ ብሮኮሊ ወይም ዶሮ የሚል ስላየ ብቻ ሳይጠይቅ ማዘዝ ነው።

መራቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ። የቻይና ማእድ ቤት ከብዙዎቹ የፈጣን ምግብ ቤቶች ይልቅ አትክልት የሚበዛበት፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የማይጠፋበት ሲሆን፣ አትክልቱም እሳት ላይ ብዙ ስለማይቆይ ቀለሙንና ጥንካሬውን እንደያዘ ይቀርባል። ይሁን እንጂ አንድ ምግብ ለጤና መስማማቱ የሚታወቀው በስሙ አይደለም። የሚታወቀው በአበሳሰሉ፣ በተለወሰበት ሶስና አብሮት በሚቀርበው ሩዝ ወይም ኑድል መጠን ነው። ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ሶሱ ነው፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ እመለስበታለሁ።

1. ከመሄድዎ በፊት

ሆድዎ ባዶ ሆኖ አይሂዱ። በጣም የራበው ሰው ሜኑ አያነብም፤ ቶሎ የሚደርሰውንና የተጠበሰውን ያዛል። ከመነሣትዎ ግማሽ ሰዓት አስቀድመው አንድ ፍሬ ወይም ጥቂት ቆሎ ቀምሰው ውኃ ቢጠጡ በእርጋታ ለመምረጥ ይረዳዎታል። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ቆይተው በቀጥታ ወደ ምግብ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ይህ ምክር ይበልጥ ይመለከትዎታል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ የጾሙን ሰዓትና የመድኃኒቱን ሰዓት አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ሊወስኑ ይገባል።

ሜኑውን ቤትዎ ሆነው በስልክዎ ቢያዩት ጥሩ ነው። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2018 ጀምሮ 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፎች ያሏቸው ምግብ ቤቶች የእያንዳንዱን ምግብ ካሎሪ በሜኑው ላይ የመጻፍ፣ የሶዲየሙንና የስኳሩን መጠንም ለጠየቀ ደንበኛ የማሳየት ግዴታ አለባቸው። ፓንዳ ኤክስፕረስን የመሰሉ ሰንሰለት ምግብ ቤቶች በዚህ ሕግ ሥር ይወድቃሉ። በየሰፈሩ ያለው፣ አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ካሪ አውት ግን ይህ ግዴታ የለበትም፤ እዚያ የሚያዋጣው ሜኑ ማንበብና መጠየቅ ነው።

2. ሜኑውን በአበሳሰሉ ያንብቡት

በአሜሪካ የሚገኘው የቻይና ሜኑ ከቻይና ቤተሰብ ገበታ በእጅጉ ይለያል። ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከጓንግዶንግ ግዛት ወደ ካሊፎርኒያ የመጡ ነበሩ፤ ምግብ ቤት ሲከፍቱም ምግባቸውን ለአገሬው ምላስ ማስማማት ነበረባቸው። ይህ ማስማማት ከዚያ በኋላም አልቆመም። በየካሪ አውቱ የሚገኘውን ጀነራል ጾስ ቺክን የፈጠሩት የሁናን ተወላጁ ባለሙያ ፔንግ ቻንግ ኩዌ ናቸው፤ ምግቡን የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በታይዋን ሲሆን፣ ያኔ ጣፋጭ አልነበረም። ስኳሩና ወፍራሙ የሊጥ ልባስ የመጣው ምግቡ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ከገባ በኋላ ነው። ይህን የምጠቅሰው በስኳር የተለወሰና በዘይት ተዘፍቆ የተጠበሰ ዶሮ የቻይና ምግብ መለኪያ ተደርጎ እንዳይወሰድ ነው፤ እዚያው ሜኑ ላይ ከእርሱ የተሻለ ብዙ ነገር አለ።

ሜኑው ላይ «ክሪስፒ» ወይም «ጎልደን» የሚል ቃል ካዩ ምግቡ በሊጥ ተሸፍኖ በዘይት ውስጥ ተዘፍቆ የተጠበሰ መሆኑን ይወቁ። ኦሬንጅ ቺክን፣ ሰሰሚ ቺክን፣ ስዊት ኤንድ ሳወር ቺክን እና ጀነራል ጾስ ቺክን ስማቸው ይለያይ እንጂ አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያ ይጠበሳሉ፣ ቀጥሎም ስኳር በበዛበት ሶስ ይለወሳሉ። የደም ስኳሩን የሚከታተል ሰው ሊጡም፣ ስኳሩም፣ ሩዙም አንድ ላይ ስለሚደርሱበት እነዚህን ምግቦች ዋና ምግብ አድርጎ ባያዛቸው እመርጣለሁ። ልጆች ካዘዙ ከእነርሱ ሳህን አንድ ሁለት ቁራሽ መቅመስ ይበቃል።

«ስቲምድ» የሚለው በእንፋሎት የበሰለ ማለት ሲሆን ዘይት የለውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ከዝንጅብልና ከሽንኩርት ቅጠል ጋር በእንፋሎት የበሰለ ሙሉ ዓሣ በቻይና ገበታ ላይ የክብር ምግብ ነው፤ ለጤናም ከእርሱ የሚሻል ብዙ አላውቅም። በዎክ (በጎድጓዳው የቻይና መጥበሻ) ላይ ተማስሎ ቶሎ የሚወጣው «ስተር ፍራይድ» መሃል ላይ ይቀመጣል። በዚህ ወገን ዶሮና እንጉዳይ ያለበት ሙ ጉ ጋይ ፓን፣ የበሬ ሥጋ በብሮኮሊ፣ ሽሪምፕ ከአትክልት ጋር ወይም በነጭ ሽንኩርት የተማሰለ ቦክ ቾይ (የቻይና ጎመን) ጥሩ ምርጫዎች ናቸው። ኩንግ ፓኦ ቺክንም ዶሮው በሊጥ ያልተጠበሰ ከሆነ ሊታዘዝ ይችላል፤ ኦቾሎኒው ግን ካሎሪውን ከፍ ስለሚያደርገው መጠኑን ይቀንሱ።

አትክልት ሁሉ ቀላል እንዳልሆነ እዚህ ላይ መግለጽ ያስፈልጋል። ደበርጃን ዘይት የሚመጥ አትክልት ሲሆን፣ በቻይና ማእድ ቤትም በአብዛኛው አስቀድሞ በብዙ ዘይት ይጠበሳል። «ድራይ ፍራይድ» የሚባለው ፎሶሊያም ስሙ ደረቅ ይበል እንጂ በብዙ ቤቶች በጋለ ዘይት ውስጥ አልፎ የሚወጣ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ስላለው፣ ዘይት የመጠጠ አትክልት ከተማሰለ ዶሮ በላይ ሊከብድ ይችላል። የደም ማቅጠኛ የሆነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ እንደ ቦክ ቾይ ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ መሆናቸውን አውቆ፣ የሚበላው የቅጠል መጠን ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ መጠንቀቅ አለበት።

3. ሶሱን ለብቻ ያስቀርቡ

እኛ ያደግነው ወጥ እያጠቀስን ነው። እንጀራው ወጡን እንዲይዝ፣ የመጨረሻው ጉርሻም ሥር ላይ የቀረውን መረቅ ጠርጎ እንዲያነሣ እንፈልጋለን። ይህንኑ ልማድ ይዘን ቻይና ምግብ ቤት ስንቀመጥ፣ ሳህኑ ሥር የተንጣለለውን ቡናማ ሶስ ሩዙ ላይ ገልብጠን፣ አማስለን፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ እንበላዋለን። በቻይና ገበታ ላይ ያለው ልማድ ሌላ ነው፤ ተመጋቢው ነጩን ሩዝ በየግሉ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ከመሃል ካለው ምግብ ሥጋውንና አትክልቱን በየቁራጩ ያነሣል፤ ትርፉ ሶስም በአብዛኛው እዚያው ሳህኑ ላይ ይቀራል። ሶሱ የተሠራው ቁራጩን ለማጣፈጥ እንጂ እንደ ወጥ በራሱ እንዲበላ ታስቦ አይደለም፤ ጨውም የሚበዛበት ለዚህ ነው።

መጠኑን በቁጥር ስናየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው፣ ማለትም ከ2,000 ሚሊ ግራም ያነሰ ሶዲየም እንዲወስድ ይመክራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ብቻውን 900 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም አለው። ኦይስተር ከተባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚሠራው ኦይስተር ሶስ ከሶያ ሶስ ያነሰ ጨው ቢኖረውም፣ ማእድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አብሮ ስለሚጨምርና ስኳርም ስለሚያክልበት ጉዳቱ ይደመራል። ስለዚህ ዘይቱ ጥቂት፣ አትክልቱ ብዙ የሆነ ምግብ እንኳ ከነሶሱ ተጠርጎ ከተበላ የቀኑን ጨው በአንድ መቀመጫ ሊጨርስ ይችላል። ግፊት ያለበት ሰው ይህን በምላሱ ላያውቀው ይችላል፣ ምክንያቱም በሶሱ ውስጥ ያለው ስኳር የጨውን ስሜት ይሸፍነዋል።

መፍትሔው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል፤ ሲያዝዙ «ስቲምድ፣ ሶስ ኦን ዘ ሳይድ» ይበሉ። ብዙ ካሪ አውቶች በሜኑአቸው መጨረሻ ላይ በእንፋሎት የበሰሉ ምግቦችን የያዘ አነስተኛ ክፍል አላቸው፤ ዶሮ፣ ሽሪምፕ ወይም ቶፉ (ከሶያ የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ከአትክልት ጋር ያለ ሶስ ይመጣል፣ ሶሱም በትንሽ ዕቃ ለብቻው ይሰጣል። ከዚያ ዕቃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወስደው ምግቡ ላይ ማንጠባጠብ ወይም ቁራጩን ጫፉን ብቻ መንከር በቂ ነው። በእንፋሎት የበሰለው አልጥም ካለዎት የተማሰለውን አዝዘው «ሌስ ሶስ» (ሶሱ ይቀነስ) ወይም «ላይት ኦን ዘ ሶያ ሶስ» (ሶያ ሶሱ አይብዛ) ብለው ይጠይቁ። ምግቡ በየትዕዛዙ የሚማሰል ስለሆነ ማእድ ቤቱ ይህን ለማድረግ አይቸገርም። ሶሱ ነጭ መሆኑም አያዘናጋዎት፤ ነጩ ሶስ ስኳሩ ያነሰ ቢሆንም ከመረቅ፣ ከጨውና ከስታርች የተሠራ ነው።

ምግቡ አስቀድሞ በሶስ ተለውሶ ከመጣም ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። የበሬ ሥጋ በብሮኮሊን ለአብነት እንውሰድ። ሶሱ የበቆሎ ስታርች ስላለበት እያብረቀረቀ ሥጋው ላይ ይጣበቃል፤ የብሮኮሊው አበባ ደግሞ በየስንጥቁ ሶሱን መጥጦ ይይዛል፣ ግንዱ ግን ብዙም አይይዝም። ቁራጩን በሹካ ወይም በቾፕስቲክ አንሥተው ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ጥቂት ያንጠባጥቡት፣ የብሮኮሊውን አበባ በጠርዙ ላይ ጫን ያድርጉት፣ ከዚያም ወደ ራስዎ ሳህን ያምጡት። በማንኪያ ከቀዱ ሶሱም አብሮ ስለሚመጣ በማንኪያ አይቅዱ። እንዲህ አድርገው ሲጨርሱ ሳህኑ ሥር የሚቀረውን ሶስ ቢያዩ ምን ያህል ጨውና ዘይት እንደተረፈልዎ በዓይንዎ ያረጋግጣሉ።

ጣዕም እንዳይጎድልብዎ ከፈለጉ የሩዝ ኮምጣጤ፣ የተከተፈ ትኩስ ዝንጅብል፣ የሽንኩርት ቅጠል ወይም ደረቅ ቃሪያ ይጠይቁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የሶያ ሶስ ጠርሙስ ግን ባለበት ይቆይ፤ በማሰሮው የገባው ይበቃል።

ብዙ ሰው ስለሚያነሣው ጣዕም ለማጉላት ስለሚጨመረው ስለ ኤምኤስጂ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ቅመም እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም መረቅ ለይተው ያወጡት ጃፓናዊው ሳይንቲስት ኪኩናዬ ኢኬዳ ናቸው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በአጠቃላይ ለምግብነት ደህና ከሚላቸው ነገሮች መካከል ይመድበዋል። ሶዲየሙ 12 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የገበታ ጨው ግን ወደ 39 በመቶ ነው። ስለዚህ በር ላይ «ኖ ኤምኤስጂ» የሚል ጽሑፍ መለጠፉ ምግቡ ጨው የሌለበት መሆኑን አያረጋግጥም። ኤምኤስጂ አይስማማኝም የሚል ሰው ይጠይቅ፤ ግፊቱን የሚጠብቅ ሰው ግን ዓይኑን ከሶያ ሶሱ ላይ ባያነሣ ይሻላል።

4. ሩዙንና ኑድሉን ይለኩ

አንድ ኩባያ የበሰለ ነጭ ሩዝ 200 ካሎሪና 45 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ካሪ አውት ውስጥ በትንሹ ነጭ የካርቶን ዕቃ የሚሰጠው ሩዝ ሁለት ኩባያ ያህል ስለሆነ፣ ዕቃውን የጨረሰ ሰው 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ወሰደ ማለት ነው፤ ይህም ለአንድ የስኳር ሕመምተኛ በአንድ ገበታ እጅግ ብዙ ነው። ሩዙን በቀጥታ ከዕቃው አይብሉ። ሳህን ላይ ያውጡትና የሳህኑን ሩብ ብቻ እንዲይዝ ያድርጉ፣ ግማሹን አትክልት፣ የቀረውን ሩብ ደግሞ ዶሮ፣ ዓሣ ወይም ቶፉ ይሙላው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም የሚያስተምረው ይህንኑ የሳህን አከፋፈል ነው።

ቡናማ ሩዝ ካለ ይመረጣል፣ ምክንያቱም አሰሩ የተሻለ ነው። ካርቦሃይድሬቱ ግን ከነጩ ብዙም ስለማያንስ «ቡናማ ነው» ተብሎ መጠኑ ሊጨምር አይገባም። ፍራይድ ራይስ (የተጠበሰ ሩዝ)፣ ሎ ሜን እና ቻው ሜን (ሁለቱም የኑድል ምግቦች) ከሩዙ ወይም ከኑድሉ በተጨማሪ ዘይትና ሶያ ሶስ ገብቶባቸዋል፤ ስለዚህ ከሌላ ባለ ሶስ ምግብ ጋር ደርበው አያዝዟቸው። ሎ ሜን የሚወዱ ከሆነ እርሱን ብቻ አዝዘው፣ ከጎኑ በእንፋሎት የበሰለ አትክልት ጨምረው ለሁለት ይካፈሉት። እንደ ፓንዳ ኤክስፕረስ ባሉ ቤቶች ሙሉውን ሩዝ በአትክልት መተካት ወይም ግማሽ ሩዝ፣ ግማሽ አትክልት ማለት ይቻላል።

5. ከዋናው ምግብ በፊት የሚመጡት

ኤግ ሮልና ክራብ ራንጉን በሊጥ ተጠቅልለው የተጠበሱ ስለሆኑ፣ በተለይ ክራብ ራንጉን ውስጡ ክሬም ቺዝ ስለሆነ፣ ይለፏቸው። በምትካቸው በእንፋሎት የበሰለ ዳምፕሊንግ (ሥጋ ወይም አትክልት በሊጥ የተጠቀለለበት) ማዘዝ ይቻላል። ሾርባው ሆድ ስለሚይዝና ካሎሪው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው በጤና ምግብነት ይቆጥረዋል፤ ሆኖም አንድ ኩባያ የዋንቶን፣ የእንቁላል ወይም የሆት ኤንድ ሳወር ሾርባ ወደ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም ስላለው ግፊት ላለበት ሰው አይመከርም። ለመጠጥ ያለ ስኳር የሚቀርበው የቻይና ሻይ ወይም ውኃ ይበቃል። አንድ ቆርቆሮ ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር ስለያዘ፣ ሩዙን በጥንቃቄ ለክቶ ኮካ ማዘዝ ልፋትን ከንቱ ማድረግ ነው።

6. ጾም፣ የአሳማ ሥጋና አለርጂ

ለጾም «አትክልት ብቻ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም። አትክልቱ በኦይስተር ሶስ ሊማሰል፣ በዶሮ መረቅ ሊረጥብ፣ ፍራይድ ራይሱም እንቁላል ሊገባበት ይችላል። «ኖ ሚት፣ ኖ ኤግ፣ ኖ ቺክን ብሮዝ፣ ኖ ኦይስተር ሶስ» ብለው አንድ በአንድ ይዘርዝሩ፤ አስተናጋጁ ካመነታ ማእድ ቤቱን ጠይቆ እንዲመጣ በትሕትና ያሳስቡት። ቡድሃ ዲላይት የሚባለው የአትክልትና የቶፉ ምግብ ለጾም ጥሩ ነው። ቶፉው ግን ብዙ ጊዜ ተጠብሶ ስለሚገባ ለስላሳውን፣ ያልተጠበሰውን ይጠይቁ።

የአሳማ ሥጋ የማይበሉ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ሥጋው በስም ባልተጠቀሰበት ምግብ ውስጥም ሊኖር እንደሚችል ማወቅ አለባቸው። ማፖ ቶፉ በተለምዶ የተፈጨ ሥጋ ይገባበታል፣ ድራይ ፍራይድ ፎሶሊያም እንዲሁ፤ በዳምፕሊንግ፣ በዋንቶን፣ በኤግ ሮልና በሆት ኤንድ ሳወር ሾርባ ውስጥም የአሳማ ሥጋ የተለመደ ነው። ለማብሰያ የሚገባው የሩዝ ወይን አልኮል ስለሆነ ሙስሊም ተመጋቢ ይህንንም ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ኦቾሎኒ ወይም ሽሪምፕ የሚያስቆጣው ሰው ከማዘዙ በፊት ይናገር፤ አንዱ ዎክ ለብዙ ምግብ ስለሚያገለግል ጉዳዩ ሳህኑ ላይ በሚታየው ብቻ አይወሰንም።

7. በጋራ ሲታዘዝ

የቻይና ምግብ እንደ እኛ ማዕድ በጋራ የሚበላ መሆኑ ለጤናም ይጠቅማል፤ ማንም ሰው አንድ ትልቅ ሳህን ለብቻው የመጨረስ ግዴታ የለበትም። አራት ሰዎች ቢሆኑ ሦስት ምግብ ይበቃል። ሁለቱ አትክልት የሚበዛባቸው ይሁኑ፣ አንዱ ዓሣ ወይም ዶሮ ይሁን፤ የተጠበሰ የሚወድ ሰው ካለም እርሱ የፈለገው በአራተኛነት ታዝዞ ለሁሉም ይዳረስ። ጋባዥ ከሆኑ ማዘዙን አስቀድመው ይያዙ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ካዘዘ ጠረጴዛው በተጠበሰ ምግብ ይሞላል። በአዲስ አበባ ባሉ ቤቶች ሳህኑ ለብዙ ሰው ታስቦ ሰፊ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሁለት ምግብ አዝዞ ካልበቃ መጨመር የተሻለ ነው። ሆት ፖት (ጠረጴዛ ላይ በሚፈላ መረቅ ውስጥ ራስዎ የሚያበስሉት ምግብ) ከመረጡ የሚያነደውን ቀይ የዘይት መረቅ ትተው ንጹሑን መረቅ ይያዙ፣ ቅጠሉንና እንጉዳዩን አብዝተው መረቁን ሳይጠጡ ይተዉት።

8. የተረፈውን ስለ መያዝ

ገና ሲቀርብ ግማሹን ወደ ዕቃ ማዛወር ሲጠግቡ ከማቆም ይቀልላል፤ ዕቃውን ከምግቡ ጋር አብረው እንዲያመጡልዎ ይጠይቁ። ሲያዛውሩ ቁራጩን ብቻ ይውሰዱ፣ ሶሱን ሳህኑ ላይ ይተዉት፤ ሌሊቱን ሶስ ውስጥ ያደረ አትክልት ጨዉን መጥጦ ያድራልና። ምግቡ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ። በተለይ ሩዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ ሲቀቀል የማይሞት ሲሆን፣ ሩዙ ውጭ ሲቆይ ተራብቶ የሚያስታውክ መርዝ ያመነጫል፤ ይህንንም መርዝ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ መኪና ውስጥ ያደረ ሩዝ ይጣል። ፍሪጅ የገባውን በማግስቱ ሲያሞቁ ጥቂት ውኃ አርከፍክፈውበት እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ ያሙቁት፣ ከላዩም ትኩስ የተቀቀለ ጎመን ወይም ፎሶሊያ ጨምሩበት።